ከዶጁ ውስጥ የጠፋው ትራምፔት

የትራምፔቱ ሳጥን ሲከፈት ውስጡ የተገኘው ሦስት ጥሬ ሙዝ ነበር። ሙዞቹ በንጹሕ ፎጣ ተጠቅልለው ጎን ለጎን ተኝተዋል። የሙዚየሙ ዳይሬክተር ኡሊሴስ አንዴ ሙዞቹን፣ አንዴ የቆሙትን ሰዎች አየና ግቢው ውስጥ ካለው የድንጋይ አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ ነው ለእኛ የተደወለው።

እኔ አርሴኒዮ ያኔ ሲየንፉዌጎስ ከተማ ፖሊስ ውስጥ ሳጅን ነበርኩ። የምሠራው ከኢንስፔክተር ኔሬይዳ ጋር ነው። ኔሬይዳ አጭር፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ሰው ሲዋሻት አትቆጣም፤ እንዲያውም ደስ ይላታል። እውነት የሚናገር ሰው የሆነውን ብቻ ነው የሚነግርህ፣ ውሸታም ግን የሚፈራውንም ጨምሮ ይነግርሃል ትል ነበር።

ስንደርስ ግቢው መሐል አንድ የሃምሳ ሁለት ሞዴል ዶጅ መኪና ቆሟል፤ ሰማያዊና ነጭ፣ ከቀይ አፈር መንገድ የመጣ በመሆኑ ግማሽ ጎኑ የጡብ መልክ ይዟል። የኋላው ዕቃ መጫኛ ክዳን ተከፍቶ ወደ ላይ ቀርቷል። ዙሪያውን ዘበኞች፣ ጽዳቶች፣ የጎረቤት ሰዎች ከበውታል፤ ሁሉም በአንድ ላይ ያወራል። ኔሬይዳ ሁሉንም አስቀምጣ መጀመሪያ ዳይሬክተሩን አነጋገረችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትራምፔቱ የሟቹ የሪጎቤርቶ ነው። ሪጎቤርቶ ሳንታ ሪታ በምትባለው የገጠር ከተማ አንድ የዳንስ ኦርኬስትራ ይመራ ነበር፤ በእኛ አውራጃ በእሱ ትራምፔት ያልተጫጨ ባልና ሚስት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። እሱ ከሞተ ወዲህ መሣሪያው ሳንታ ሪታ በሚገኘው፣ ያኔ ኡሊሴስ ይመራው በነበረው የባህል ቤት ተቀምጦ ቆየ። አሁን በከተማው አዲስ የሙዚቃ ሙዚየም እሁድ ሊመረቅ ስለሆነ፣ ኡሊሴስ ሐሙስ ጠዋት ራሱ ሄዶ ዕቃዎቹን አስጫነ። የዶጁ ወንበሮች በከበሮና ባስ በሚባለው ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ እስከ ጣሪያው ስለ ሞሉ ትራምፔቱን በገዛ እጁ ከኋላ አስገብቶ፣ ክዳኑን በኃይል ጠርቅሞ፣ ሾፌሩ የትም እንዳይቆም አስጠንቅቆ፣ እሱ በሞተር ብስክሌት ቀደመ።

ዶጁ ከተጠበቀው እጅግ ዘግይቶ ደረሰ። ከደረሰም በኋላ የኋላው ክዳን አልከፈት አለ። ቁልፉ ይዞራል፣ ክዳኑ ግን ንቅንቅ አይልም። ዘይት ጠጣ፤ ተደበደበ፤ ዘበኞቹ እየተፈራረቁ ላዩ ላይ ተቀመጡበት። በመጨረሻ ፓንቾ የሚባል ቁልፍ ሠሪ ተጠርቶ መጣና፣ የታርጋ መብራቱን ፈትቶ በቀዳዳው የታጠፈ ሽቦ ሰዶ፣ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ ከፈተው። ከዚያ ሙዙ ወጣ።

ፓንቾ ቁልፉን ነቅሎ መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየን። ጭረት የለበትም። በሌላ ብረት የጎረጎረው፣ ያስገደደው ሰው የለም። ችግሩ ከቁልፉ ሳይሆን ከታች ካለው መያዣ ነው አለን፤ ድሮ የሆነ ነገር ገጭቶት ጥርሱ ተጣሟል፤ ክዳኑ ቀስ ተብሎ ሲዘጋ ደህና ነው፣ ሲጠረቀም ግን ይነክሳል፤ አንዴ ከነከሰ ደግሞ አምላክ ካልተጨመረበት አይለቅም።

«እንግዲያው ሌባው በኋላ ወንበር በኩል ነዋ የገባው» አልኩ እኔ። በአሮጌ መኪና የኋላ ወንበሩን ብትነቅለው ከጀርባው ያለው ካርቶን ነው፤ ሕፃን እንኳ ይበሳዋል።

ኔሬይዳ ባሱንና ከበሮውን አስወርዳ ወንበሩን አስነቀለች። ከጀርባው ካርቶን የለም። ኤቬሊዮ፣ የዶጁ ባለቤትና ሾፌር፣ አቧራ አስቸግሮት ከዓመታት በፊት ወፍራም ላሜራ አስበይዶበታል። ብየዳው አንድም ቦታ አልተነካም።

ከዚያ ኔሬይዳ ፎጣውን አነሳች። አሸተተችው፤ ለእኔም ሰጠችኝ። ስታርች ይሸታል፤ እጥፋቱ እንደ ቢላ ስለት የቀና ነው። የሙዞቹ ግንጣይ ደግሞ ገና ወተቱ አልደረቀም። የዚያን ዕለት የተቆረጡ ናቸው።

«አርሴኒዮ፣ ለሙዝ ፎጣ የሚተኩስ ሌባ አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት።

ኤቬሊዮ ስድሳውን ያለፈ፣ ሆዱ ከቀበቶው የቀደመ፣ ፊቱ ለሳቅ የተፈጠረ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ፊቱ ዐመድ መስሏል። የመኪናው ቁልፍ ያለው በእሱ እጅ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ አንድ ጥፋት ከተጨመረበት የታክሲ ፈቃዱን እንደሚነጠቅ ተነግሮታል። ሴት ልጁና የልጅ ልጆቹ የሚበሉት ከዚያ ዶጅ ነው። የትም እንዳልቆመ ማለ። ኔሬይዳ ታዲያ ለምን ዘገዩ ስትለው ጎማ ፈንድቶብኝ ስቀይር ነው አላት።

ኔሬይዳ ደስ አላት። ፊቷን አይቼ ዐወቅኩ።

«የቱን ጎማ?»

«የኋላ ግራውን።»

«ስኮርታ ጎማውን ከየት አወጡት?»

ኤቬሊዮ ወደ ተከፈተው ክዳን ዞረ። ስኮርታው ጎማና ክሪኩ ከትራምፔቱ ሳጥን አጠገብ፣ ያው አልከፈት ባለው ክዳን ውስጥ፣ የወራት አቧራ ተጭኗቸው ተኝተዋል። ግቢው ሁሉ ሰምቷል። አንዲት ጽዳት «ወይ ጉድ» ስትል ተሰማኝ። ያን ዕለት ኤቬሊዮ ከእኛ ጋር ወደ ጣቢያ ሄደ፤ ዶጁንም ወሰድነው።

ጣቢያ ደርሶም ከጎማው ወሬ አልወጣም። የሚናገር መስሎ ይጀምርና ይተወዋል። እኔ በልቤ ነገሩ አልቋል ብዬ ነበር። ኔሬይዳ ግን አንድ ሰው ሌባ ሆኖ ሳለ በዚያ ዓይነት የቂል ውሸት አይዋሽም አለች። ወዲያው ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ። ባርባሮ የሚባል ሌላ የታክሲ ሾፌር አለ፤ የሙዚየሙን ሥራ ኤቬሊዮ ስለወሰደበት ተኳርፈዋል። ይኸው ባርባሮ ማለዳ ተራ መጠበቂያው ላይ፣ ያ ትራምፔት በደህና አይደርስም ብሎ አፉን ሞልቶ ሲናገር ሰዎች ሰምተውታል።

ቤቱ ሄድን። በር የከፈተልን በዚያ ሙቀት የሱፍ ቆብ እስከ ጆሮው ደፍቶ ነው። ጠዋት የት እንደዋለ ኔሬይዳ ጠየቀችው። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ አለ። እስከ ስንት ሰዓት ስትለው ፊቱ ቀላ።

«ኢንስፔክተር፣ ይሄን ነገር ካሳየሁሽ ለሰው አትናገሪም?»

ቃል ሳንገባለት ቆቡን አወለቀ። ግራው የተላጨ፣ ቀኙ የተንጨበረረ ነው፤ መሐል ላይ እንደ ገደል ተቆርጧል። ጠዋት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ መብራት ጠፋ፤ መላጫው ደግሞ የሚሠራው በመብራት ነው። ይመጣል ብሎ እስከ ምሳ እዚያው ተጎልቶ ዋለ፤ አልመጣም። በዚያ ሰፈር መብራቱ አሁንም አልመጣም። አስተካካዩና ሌሎች ተራ ጠባቂዎች ሁሉ አብረውት ሲስቁበት ውለዋል። እኔ ሳቄን ለመያዝ ግድግዳውን ማየት ጀመርኩ። ኔሬይዳ ግን ፊቷ ሳይለወጥ፣ እንግዲያው ትራምፔቱ አይደርስም ያልከው ምን ዐውቀህ ነው አለችው።

ባርባሮ ቆቡን መልሶ ደፋ። «ኤቬሊዮን የማያውቀው ማነው? በሳንታ ሪታ መንገድ ሄዶ ሳይበላ ሳይተኛ መጥቶ አያውቅም። ሰው ሲጭን ራሱ ተሳፋሪውን ጥላ ሥር አስቀምጦ ነው የሚተኛው።»

ይዘነው የተመለስነው ይሄን ነበር። ኔሬይዳ ኤቬሊዮ ፊት ተቀምጣ፣ ምን በልተው ነው የተኙት ብላ ብቻ ጠየቀችው። ሰውዬው ትከሻው ወደቀ።

ሁሉንም ተናገረ። ሳንታ ሪታ ከተማ መውጫ ላይ እማማ ዶሚቲላ የምትባል የሪጎቤርቶ ባለቤት፣ ባሏ የሞተባት አሮጊት አለች። ዶጁ ራሱ ድሮ የባልና የሚስቱ ነበር፤ ኤቬሊዮ የገዛው ከእሷ ነው። ከዚያ ወዲህ በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ይቆማል፤ እሷም ጥቁር ባቄላ በሩዝና ተድጦ የተጠበሰ ሙዝ ታቀርብለታለች፤ ከዚያ በረንዳው ላይ ካለው ተወዛዋዥ ወንበር ላይ ያንቀላፋል። ሐሙስም እንዲሁ ሆነ። ለምን አስቀድመው አልተናገሩም ስትለው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሐኪም በዘይት የተጠበሰ ምግብ ከልክሎታል፤ ሚስቱ ኤስፔራንሳ ደግሞ ከሐኪሙ ትብሳለች።

«እሰሩኝ ኢንስፔክተር፣ ግድ የለም። ግን ኤስፔራንሳ እንዳትሰማ።»

ሴትዮዋን ትጠረጥራለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው ከልቡ ተቀየመኝ። ሊሰግዱላት የሚገባ ሴት ናት፤ ዕድሜዋም ሰማንያ ሊሞላ ነው፤ ደግሞስ ሦስት ዘበኛ ያልቻለውን፣ ቁልፍ ሠሪም በስንት መከራ የከፈተውን ክዳን እሷ በምን ትከፍተዋለች? እሱ ራሱ ክዳኑን ሁልጊዜ ቀስ አድርጎ ስለሚዘጋው ነክሶበት አያውቅም፤ እንዴት እንደሚለቅ ቢጠየቅም አያውቅም።

ኔሬይዳ ጥቂት አሰበችና፣ መኪናው የሪጎቤርቶ በነበረ ጊዜ ክዳኑን ማን እየጠረቀመ እንደሚዘጋው ጠየቀችው። ኤቬሊዮ ሳቀ። ሪጎቤርቶ ጉልበተኛ ነበር፤ ከዳንስ ሲወጣ ዕቃውን ወርውሮ የሚጠረቅመው ድምፅ ሦስተኛው ሰፈር ድረስ ይሰማል፤ የመኪናው በሮችም ሆኑ የቤቱ በሮች ከእሱ ያላዩት መከራ የለም አለ። የተናገረውን ነገር ክብደት ግን ልብ አላለውም።

ዓርብ ጠዋት ኔሬይዳ የደንብ ልብሷን ትታ የአበባ ቀሚስ ለብሳ መጣች። አንድ ዳቦና አንድ ጥቅል የዘይቱን ማርማላታ ገዝታለች። ከዶጁ ኋላ አስቀመጠችውና በል ጠርቅመው አለችኝ። በሙሉ ኃይሌ ጠረቀምኩት። ፓንቾ መልሶ የገጠመውን ቁልፍ አዞርነው፤ ነክሷል። ኤቬሊዮ መኪናው እንደ ልጁ ስለሆነ ፊቱን አዞረ። ሦስታችንም ወደ ሳንታ ሪታ ሄድን።

የእማማ ዶሚቲላ ቤት ከሸንኮራ እርሻው ጫፍ ነው፤ ከጓሮው የሙዝ ዛፎች ቅጠል በጣሪያው ላይ ይታያል። አሮጊቷ ወጥታ ኤቬሊዮን ግንባሩን ሳመችው፤ ምነው ከሳህ ብላ ሆዱን መታ መታ አደረገችው። እኛን የመኪናው ተሳፋሪዎች ነን ብሎ አስተዋወቀን። ቀዝቃዛ የማንጎ ጭማቂ ቀረበልን። ነጭ ፀጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላ፣ ጥፍሮቿን አዲስ ቀለም ተቀብታለች። ጨዋታው ደመቀ። ከዚያ ኔሬይዳ እያዘነች፣ ይቅርታ እማማ፣ ዳቦና ማርማላታ ይዘንልዎት ነበር፣ ግን ይሄ መኪና ነክሶ አልሰጥ አለን አለቻት።

«ይሄ በቅሎ» አለች እማማ ዶሚቲላ።

እጇን በሽርጧ ጠረገችና ወደ ዶጁ ሄደች። እየሄደች ትሰድበዋለች፤ ድሮም እንዲህ ነህ፣ ሽማግሌ ሆነህም አልተውክ እያለች። ከኋላው ደርሳ ጀርባዋን ሰጠችው። ቀሚሷን በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገች፤ ዳንስ ውስጥ እንደምትገባ ሴት አንድ እርምጃ ወደ ጎን አለችና ግራ ዳሌዋን ከክዳኑ ግርጌ፣ ከታርጋው አጠገብ፣ ከታች ወደ ላይ ደለቀችው። አንድ ጊዜ ብቻ። ክዳኑ ተንፍሶ ተነሣ።

ዳቦውን ይዛ ስትዞር ሦስታችንም ቆመን እያየናት ነው። የኤቬሊዮ አፍ እንደ ክዳኑ ተከፍቷል። እሷ ተራ በተራ አየችን፤ ከዚያ የኔሬይዳን ጫማ አየች። የፖሊስ ጫማ ነበር፤ ሌላ አልነበራትም።

«አንቺ ልጅ፣ ጉድ አደረግሽኝ» አለቻት። ከዚያ ሳቀች። ስትስቅ ዳቦው በእጇ ይንቀጠቀጣል። «ደግሞ ማርማላታው እውነተኛ ነው?»

«እውነተኛ ነው እማማ።»

«እንግዲያው ግቡ።»

ኤቬሊዮ ግን አልገባም። እዚያው ቆሞ፣ ትናንት ጣቢያ እንዳደረ፣ ፈቃዱን ሊነጥቁት እንደነበር ቀስ ብሎ ነገራት። ሳቋ ባንዴ ጠፋ። ምረቃው እሁድ መሆኑን ስላልሰማች ሳጥኑ እስከ ሰኞ የሚከፈት አልመሰላትም ነበር፤ ክዳኑን መልሳ በኃይል ስትዘጋውም አልከፈት ብሎ ይሄ ሁሉ ግርግር እንደሚነሣ አላሰበችም። ሁለት እጁን ይዛ፣ ልጄ፣ እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እያለች አለቀሰች። እሱም አለቀሰ። ከዚያ ዕንባውን ጠርጎ፣ ሙዙን ግን ባትነኪው ጥሩ ነበር፣ ለመንገዴ የምትሰጪኝ እኮ እሱን ነው አላት። ሁለቱም መልሰው ሳቁ።

ትራምፔቱ ጓዳ ውስጥ ነበር፤ ብቻውን አልነበረም። አንድ ረዥም፣ ከሲታ ሽማግሌ በመስኮቱ ብርሃን ተቀምጦ የትራምፔቱን ቁልፎች በዘይት ይወለውላል። ስንገባ ተነሣና ሁለት እጁን አጣምሮ ለሰንሰለት ዘረጋልኝ። ካንዲዶ ይባላል፤ ዕድሜውን ሙሉ በሪጎቤርቶ ጎን ሁለተኛ ትራምፔት ሲነፋ የኖረ ሰው ነው።

«እኔ ነኝ የሰረቅሁት» አለ።

«ዝም በል፣ አንተ መኪናው ጋ እንኳ አልደረስክም» አለች እማማ ዶሚቲላ። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ፣ እንደ ልጃገረድ መሬት መሬቱን እያየች፣ ነገ ልንጋባ ነው አለችን።

ታሪኩን የነገረችን ዳቦውን በማርማላታ እየቀባች ነው። ሪጎቤርቶ ሲያጣጥር ካንዲዶን አስጠርቶ፣ ትራምፔቴን ከአንተ በቀር ማንም አይንፋው፣ እሷም ቤት ተዘግቶባት አትቅር ብሎት ነበር። ካንዲዶ የመጀመሪያውን አደራ ሰምቶ፣ ሁለተኛውን ለመፈጸም፣ እንጋባ ብሎ ለመናገር ዓመታት ፈጀበት። በመጨረሻ ባለፈው ፋሲካ ተናገረ። ከተማ ያሉት ልጆቿ እንዳይስቁባት ለጎረቤት ብቻ ነገሩ። ለሠርጉ ትራምፔቱን ብትጠይቅ ኡሊሴስ በትህትና፣ አሁን ቅርስ ሆኗል፣ ከመስታወቱ አይወጣም አላት። ሐሙስ ጠዋት የገዛ አሮጌ መኪናዋ፣ የገዛ ባሏን ትራምፔት ይዞ፣ የገዛ በረንዳዋ ሥር መጥቶ ቆመ፤ ሾፌሩም አንኮራፋ። እግዜር ከዚህ በላይ ምን ያድርግልኝ አለች። ሳጥኑ ቀሎ እንዳያስታውቅ ሙዙን በፎጣ ጠቅልላ ተካችበት፤ ሰኞ ልትመልሰው ነበር።

እኔ ወደ ኔሬይዳ አየሁ። የመንግሥት ንብረት ከሆነ ነገሩ ስርቆት ነው፤ ሳቅና ማርማላታ አይለውጠውም። እሷም ዐውቃዋለች፤ ዳቦውን አልቀመሰችም። ለኡሊሴስ አስደወለችና ጠበቅነው።

ኡሊሴስ በሞተር ብስክሌቱ ቀይ አፈር ለብሶ ደረሰ። ትራምፔቱን ሲያይ ዐይኑ ውሃ ሞላ፤ ከዚያ አሮጊቷን ሲያይ ኮስተር አለ። ኔሬይዳ ብዙ አላወራችም።

«ዳይሬክተር፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ትራምፔቱን ወደ ባህል ቤት ያመጣችው እማማ ናት። የተቀበሏት እርስዎ ነዎት። ያን ቀን ምን አለችዎት?»

ሁላችንም ኡሊሴስን አየነው። ሰጠኋችሁ አለችኝ ቢል የሚቃወመው ማስረጃ የለም፤ ሌላ ሰው አልነበረም። እሁድ ምረቃው ነው፤ ያለ ትራምፔቱ የመስታወቱ ሳጥን ባዶ ይቀራል። ኡሊሴስ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ሁለቴ ጠረገው።

«‹እስክጠይቅህ ያዝልኝ› ነው ያለችኝ» አለ። «ቃሏ ያ ነው። ከጠየቀችኝም ልሰጣት ይገባ ነበር። ወድጄው ነው እንቢ ያልኳት፤ ከእጄ እንዳይወጣ።»

ኔሬይዳ ዳቦዋን አንስታ ጎረሰች። እንግዲያው የተሰረቀ ነገር የለም አለች። የቀረው የኤቬሊዮ መኪና ያለ ፈቃድ መከፈቱ ነው፤ ኤቬሊዮ ክስ አለኝ ካለ እንሰማለን። ኤቬሊዮ አፉ ሙሉ ስለነበር ራሱን ነቅንቆ ብቻ እንቢ አለ። እማማ ዶሚቲላ ኡሊሴስን ከጎኗ አስቀመጠችው፤ የሠርጉ ማግስት እሁድ ነው፣ ትራምፔቱን እኔው ይዤልህ እመጣለሁ፣ ካንዲዶም ምረቃህ ላይ ይነፋልሃል፣ ከዚያ ወዲያ ለዳንስ ስንፈልገው ትሰጠናለህ አለችው። እሱም እሺ አለ። መስማማቱ ከልቡ መሆኑን ያወቅኩት ቅዳሜ ሠርጉ ላይ ክራቫት አስሮ ሲመጣ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሳንታ ሪታ ሰው ሁሉ ወንበሩን ተሸክሞ ወደ መንገድ ወጣ። አሳማው ከጠዋት ጀምሮ ሲጠበስ ውሏል። የሙሽራይቱ ልጆችም ወሬው ደርሷቸው ከከተማ መጥተው ነበር፤ ታላቁ ወንድ ልጇ ትንሽ ሲያጉረመርም ቆይቶ፣ እናቱ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ስትወጣ ሲያይ ክንዱን ሰጣት። ከኦርኬስትራው የቀሩት ሽማግሎች በሳንቃ በተሠራ መድረክ ላይ ተደርድረዋል። ካንዲዶ ትራምፔቱን አነሣ። የመጀመሪያው ድምፅ ሳል ነበር፤ ሰው ሳቀ። ሁለተኛው ግን ወጣ፤ ጥርት ብሎ በሸንኮራው ላይ ሄደ። አጠገቤ የቆመች አንዲት ሴት የባሏን እጅ ስትይዝ አየሁ።

ያን ጊዜ ነው ማንም ያላሰበው ነገር የታየው። ሙሽራው ትራምፔት ከነፋ ሙሽራይቱ ከማን ጋር ትደንሳለች? እማማ ዶሚቲላ መሐል መንገድ ላይ ብቻዋን ቆማለች። ኡሊሴስ ሊነሣ አለ፤ ኤቬሊዮም ሳህኑን አስቀመጠ። እሷ ግን እጇን አወዛውዛ ሁለቱንም ከለከለቻቸው፤ ዐይኗ ሳንቃው ላይ ነው።

ዳንሶን በሚባለው ዜማ ውስጥ የትራምፔት ተራ አለ፤ ዋሽንት መሰሉ የፍሉት ተራም አለ። ፍሉቱ ሲቀበል ካንዲዶ ትራምፔቱን ወንበሩ ላይ አስተኛና ከሳንቃው ወረደ። በእነዚያ ረዣዥም እግሮቹ እየሮጠ ሄዶ ወገቧን ያዘ። ጥቂት ዞሩ። የትራምፔቱ ተራ ሊደርስ ሲል ደግሞ ለቋት ሊመለስ ዞረ።

ፍሉት ነፊው ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ነው። ካንዲዶን አየው፤ ሙሽራይቱን አየ፤ ከዚያ ዐይኑን ጨፍኖ የራሱን ተራ ከመጀመሪያው ደገመው። ካንዲዶ ቆመ፤ ተመልሶም ወገቧን ያዘ። ሽማግሌው ሲጨርስ አሁንም ደገመው። ከበሮ መቺው ገባው፤ ባሱም ገባው። ኔሬይዳ ጫማዋን አውልቃ እጄን ጎተተችኝ፤ ሌላውም ሰው ተነሣ። መንገዱ በሙሉ ሲደንስ፣ ፍሉት ነፊው ፊቱ ቀልቶ፣ ደም ሥሩ ተገትሮ፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ያችኑ ዜማ ደጋገመላቸው።